የጣና ዳር ቡናና የነጋዴው ዕዳ

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በደራ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ፥ እንደ ማክሰኝትና እንደ ዓርብ ገበያ ሁሉ፥ ሰው በሳምንት አንድ ቀን እየተሰበሰበ ሲሸጥና ሲለውጥ ቈይቶ ገበያው ወደ ከተማነት የተለወጠባት ስፍራ ናት። በበጌምድር አገር ገበያ የሚታወቀው በቦታው ብቻ ሳይሆን በቀኑም ስለ ነበረ፥ ነጋዴው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየዞረ ብዙውን አገር ያዳርስ ነበር። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ቍልቍል የወረደ ሰው ከጣና ዳር ይደርሳል፤ በዚያም በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም የምትታወቀው ጥንታዊቱ ቆራጣ ትገኛለች። ከባሕሩ ማዶ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ በቡናው የታወቀው ዘጌ አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ የጣና ዳርቻዎች የበቀለው ቡና ነው።

በአሁኑ ዘመን ቡና የሚገዙ ኩባንያዎች ሁሉ ቡና ተካዩን ሕዝብ እንደሚደግፉ ይናገራሉ። አንዱ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ አንዱ የውሃ ጕድጓድ ያስቈፍራል፤ ሌላውም ችግኝ ያድላል። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጥያቄው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ይኸውም፥ ከቡናው የሚተርፈው ሀብት ከማን እጅ ይቀራል? ነጋዴውስ ለተካዩ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? የሚል ነው። የጣና ዳር ቡና ከጅማ፥ ከሲዳማ ወይም ከሐረር ቡና ጋር ሲነጻጸር በብዛቱ እጅግ ጥቂት ነው። ቢሆንም የገዢውንና የተካዩን ግንኙነት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለመከታተል የሚያስችል ታሪክ ስላለው ለጥያቄው መልስ ይሰጣል።

አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በዙሪያዋ ያለው ባላገር ገብስና ድንች ይዘራል እንጂ ቡና አይተክልም። የጣና ባሕር ግን በ1,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሚገኝ ዳርቻው ለቡና ይስማማል። ዝናቡ በአመዛኙ የክረምት ዝናብ ብቻ ስለ ሆነ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ረዥም ነው። በዚህም ምክንያት ቡናው የሚጸናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ወይም ውሃ በሚጠጣ ጓሮ ውስጥ ነው። የዛፉ ጥላ ከጠፋ ቡናውም ይጠፋል። ስለዚህ በጣና ዳር የቡና ታሪክ ከደን ታሪክ፥ የደኑም ታሪክ ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ተለይቶ አይታይም።

ይህን ከማንም ይልቅ የሚያስረዳው ዘጌ ነው። በዘጌ ሰዎች ትውፊት ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ቡና፥ ጌሾና ሎሚ ለሕዝቡ መተዳደሪያ እንዲሆኑ በጸሎታቸው አስገኙ፤ ምድሩንም ማረስና በላዩ ቀንድ ከብት ማርባት እንዳይፈቀድ ሥርዐት ሠሩ። ትውፊቱ በታሪክ መለኪያ ቢመዘን የሚያከራክር ነገር ይኖረው ይሆናል። ሥርዐቱ ግን በእውነት የተሠራበት ነው፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቈየው በዚሁ ሥርዐት ኃይል ነው። ሆኖም ሥርዐቱ ሌላ ውጤት አስከተለ። ያላረሰ ሰው እህል የለውም፤ ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን በታንኳ ጭኖ፥ ገበያ አውጥቶ፥ በዋጋው ጤፍና በርበሬ መግዛት ግድ ሆነበት። አራሽ ገበሬ የቡና ዋጋ ቢወድቅበት በጎተራው ያለውን ይበላል፤ የዘጌ ሰው ግን የቡናው ዋጋ በወደቀ መጠን እንጀራው ያንሳል። እንግዲህ የዓለም ቡና ተካዮች በኋላ ዘመን የደረሰባቸውን፥ ማለት ኑሯቸው በገዢው ዋጋ ላይ መንጠልጠሉን፥ ይህ ትንሽ ልሳነ ምድር አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው የሚያስገርም ነገር፥ ተካዩ የተከለውን የማይጠጣበት ዘመን መኖሩ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቡና መጠጣት የእስላሞች ልማድ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ የኦርቶዶክስ ካህናት ምእመናኑን ይከለክሉ ነበር። ክልከላው እየላላ የሄደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ የክርስቲያን ገዳም ምድር ያበቀለው ቡና ገዢው በአብዛኛው እስላም ነጋዴ ነበር። በጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር፥ በፎገራ አጠገብም የደሪጣ መንደር የእነዚህ ነጋዴዎች መኖሪያ ነበሩ፤ ይፋግም ትልቅ ገበያ ነበረች። ነጋዴዎቹ ቡናውን በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር እየገዙ በአንድ በኩል ወደ ምጽዋ፥ በሌላ በኩል በመተማ አድርገው ወደ ሱዳን ያወጡት ነበር። ሃይማኖት የለያቸው ሁለት ወገኖች በንግድ ተያይዘው ኖሩ። ይህ ግንኙነት መተማመንን የሚጠይቅ ስለ ነበር ለኅብረተሰቡ ሰላም የጠቀመው ነገር አለ። ነገር ግን ከጣና እስከ ምጽዋ ባለው መንገድ ላይ ኬላው ብዙ ነበር። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ፥ የአጋሰሱ ኪራይና የሽፍታው ሥጋት ሁሉ በመጨረሻ የሚታሰበው ቡናው በተገዛበት ዋጋ ላይ ነበርና፥ የመንገዱን ወጪ ሳያውቀው የሚሸከመው ተካዩ ነበር።

የመንገድ መክፋት ምን ያህል እንደሚጐዳ የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ያሳያሉ። በ1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ ሰፍረው ሳሉ፥ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከጓደኞቹ ጋር በቆራጣ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። በዚያው ዓመት በሰፈሩ የኮሌራ በሽታ ስለ ገባ ሠራዊቱ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። የብዙ ሺሕ ሰው ሠራዊት በትንሽ የቡናና የአትክልት አገር ላይ ሲያርፍ ለባላገሩ ምን እንደሚተርፈው መገመት አያስቸግርም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም ያንኑ የቈየ እውነት ደግሞ አሳይቷል፤ መንገድ ሲዘጋ በቅድሚያ የሚከስረው ምርቱን ከቤቱ ያከማቸው ተካይ ነው።

ይሁን እንጂ ተካይ ሲባል ሁልጊዜ የሠራው ሰው ማለት አይደለም። የታሪክ ሊቁ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፥ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዘጌ ቡና ያስተክሉ የነበሩት ካህናትና ባለመሬቶች ሥራውን ያሠሩት በአብዛኛው በባሮች ነበር። የቡናው ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ ትርፉ ወደ ለቃሚው አልደረሰም፤ እንዲያውም የሠራተኛ ፍላጎት ስለ ጨመረ የባርያው ንግድ እንዲበረታ ምክንያት ሆነ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ስለ ዘጌ የሰዎች ኑሮ ጥናት ያደረገው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መጽሐፍ እንደሚያሳየው፥ በባለመሬቶችና በባሮች ዘር መካከል የነበረው ልዩነት ከሰው ልብ ፈጥኖ አልወጣም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ ቢከፍልም እንኳ ገንዘቡ ከማን እጅ እንደ ገባ ካልጠየቀ፥ ሕዝብን ደገፍሁ ለማለት አይችልም። አንድ መንደር ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ባለመሬት አለ፥ መሬት የሌለው አለ፥ ስሟ በመዝገብ ያልገባ ሴትም አለች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከጣና ዳር ወጥቶ ወደ መላው ኢትዮጵያ ይሰፋል፤ ምክንያቱም በ20ኛው መቶ ዓመት የቡናን ዋጋ የሚወስነው የደሪጣ ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ የሩቅ ገበያና መንግሥት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1957 የኢትዮጵያ የቡና ቦርድ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1962 በተፈረመው የዓለም የቡና ስምምነት መሠረትም ለየአገሩ የሽያጭ ድርሻ ተመደበ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ባለመሬትነት ቀረ፤ ዳሩ ግን በደርግ ዘመን የቡናው ዋና ገዢ መንግሥት ራሱ ስለ ሆነ፥ ገበሬው ከባለመሬቱ ቢላቀቅም ዋጋውን ለመወሰን ሥልጣን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለሙ የድርሻ ሥርዐት ፈረሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አማካይ የቡና ዋጋ በፓውንድ እስከ 45 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ወረደ። በዚያ ጊዜ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አውራጃዎች ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። ትምህርት ቤትና ጕድጓድ የሠሩለት በጎ አድራጊዎች ቢኖሩም እንኳ፥ የዋጋው ውድቀት ያፈረሰውን ኑሮ ስጦታ ሊጠግነው አልቻለም።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መልሶች አንደኛው ማኅበር ነው። በ1991 ዓ.ም. 34 የገበሬ ማኅበራት ተባብረው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንን መሠረቱ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖች ተቋቋሙ። የእነዚህ ማኅበራት ዋና ቁም ነገር በገበሬውና በውጭ ገዢው መካከል ያለውን የሰብሳቢ፥ የአቅራቢና የላኪ ሰንሰለት ማሳጠራቸው ነው። ዩኒየኑ ራሱ ላኪ ስለ ሆነ፥ ከትርፉ የሚበዛው ክፍል ወደ አባል ማኅበራት ይመለሳል። ፌርትሬድ የተባለው የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ደግሞ ለታጠበ አረቢካ ቡና እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም የዋጋ ወለል አድርጓል፤ ገበያው ከዚያ በላይ ከሆነ ገዢው የገበያውን ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም ይጨመራል። ይህ ጭማሪ ምን እንደሚሠራበት የሚቈርጠው የገበሬዎቹ ጉባኤ እንጂ ገዢው አይደለም። ትምህርት ቤቱ ያው ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ገዢው ሲሠራው ስጦታ ይባላል፥ ጉባኤው ሲሠራው ግን የቡናው ዋጋ ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ገዢው አገሩን ትቶ በሄደ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መልስ ስም ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያም በስሞቹ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦክስፋም ነገሩን ለዓለም ሕዝብ ካሰማ በኋላ፥ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ኩባንያውም የስሞቹን ባለቤትነት ዐውቆ በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ። ለስሞቹ የሚከፈል ኪራይ ባይኖርም የክርክሩ ፍሬ ነገር ትልቅ ነበር። ኩባንያው ለቡና ተካዮች ብድርና የልማት ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ኢትዮጵያ የጠየቀችው ግን ስሟን ነው። ምክንያቱም በጥሩ ቡና ዋጋ ውስጥ ታላቁን ድርሻ የሚያመጣው የአገሩ ስም ነውና፥ ስሙን የያዘ ዋጋውንም ለመናገር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ስም በአገር ውስጥም ሊጠፋ እንደሚችል አሳየ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ጀመረ። ተቋሙ ዋጋ በግልጽ እንዲታወቅና ክፍያ በፍጥነት እንዲደርስ በማድረጉ ለንግዱ ጠቅሟል። ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአውራጃ እየተመደበ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል፥ ገዢው የየትኛው መንደር ቡና እንደ ሆነ ለማወቅ አልቻለም። በጥንቃቄ የለቀመውና በግዴለሽነት የለቀመው በአንድ ስም ተሸጡ። በኋላ የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1051/2009 ተካዩና ላኪው በቀጥታ የሚገናኙበትን በር ከፈተ። ዛሬ አንድ ኩባንያ ከአንድ መንደር ጋር ስም ለስም ተዋውቆ መሥራት ይቻለዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለሐሙሲት ገበያ ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ፥ መጠንን ማወቅ ያስፈልጋል። በመርከብ የሚጫነው አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ ያህል፥ ማለት 19,200 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይይዛል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት መልቀም ግድ ነው። በጓሮው ጥቂት እግር ቡና ያለው የደራ ባላገር ብቻውን ወደ ውጭ አገር ሻጭ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ኩባንያው በመጀመሪያ ሊያግዝ የሚችለው የባለጓሮዎቹን ማኅበር ነው። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ከቡናዋ ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጠጣ አገር ስለ ሆነች፥ የጣና ዳር ቡና የሚፈልገው ኩባንያ የግድ ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ አይደለም። በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ቡና ቈልቶ የሚሸጥ ነጋዴ በከረጢቱ ላይ ዘጌ ወይም ቆራጣ ብሎ ቢጽፍና ከቆራጣ ያልመጣውን በቆራጣ ስም ባይሸጥ፥ የስሙን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። ባሕር ዛፍም ጫትም ሌላም ተክል ያንን መሬትና ያንን ውሃ ይሻማል፤ ጫት ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል። ችግኝ አድሎ በዓመቱ የሚጠፋ ገዢ፥ ገበሬው መሬቱን ይዞ ተስፋ ብቻ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ችግኝ የሚያድል ኩባንያ ዛፉ ፍሬ በሚሰጥበት ዘመን ለመግዛት አስቀድሞ ውል መግባት አለበት። እንዲሁም ገበሬው የሚቸገረው ከለቀማው በፊት ባሉት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ብር የሚያበድረው የአካባቢው ነጋዴ ዋጋውን ገና ሳይለቀም ይቈርጠዋል። ኩባንያው በማኅበሩ በኩል ቅድሚያ ቢከፍል፥ ገበሬው አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ሳይመለጥ፥ ቡናውንም በመሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ አስጥቶ በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ ይችላል። ዕውቀት የሚጠቅመው ይህን ለመሥራት ጊዜና ገንዘብ ሲገኝ ነው።

ሦስተኛው የደኑ ጉዳይ ነው። በደቡብ ጎንደር የቀረው የጥንቱ ደን ከሚበዛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለ ነው፤ የጣና አካባቢም በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡ ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም። በዘጌ ዛፉን የጠበቀው ቡናው ከዛፉ ሥር መብቀሉና ሕዝቡ ከቡናው መኖሩ ነው። የቡናው ዋጋ ኑሮን ካልቻለ፥ ዛፉ ለማገዶ ተቈርጦ በታንኳ ወደ ከተማ ይጫናል። ስለዚህ ለጥላው ቡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ የገዛው ቡናውን ብቻ አይደለም፤ የደኑንም ዕድሜ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚረሳው ነው። ቡና የሚለቅሙት፥ የሚያሰጡትና የሚያበጥሩት ከሚበዙት ጊዜያት ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው፤ በማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈውና ገንዘቡን የሚቀበለው ግን የመሬቱ ባለቤት ነው። የዘጌ የባርነት ታሪክ ያስተማረውን የማይዘነጋ ኩባንያ፥ ዋጋውን ሲዋዋል የለቃሚውንም ደመወዝ አብሮ ይጠይቃል፤ ሚስትም ከባልዋ ጋር የማኅበሩ አባል እንድትሆን ያደርጋል።

የደሪጣው ነጋዴ ለቆራጣና ለዘጌ ተካይ ትምህርት ቤት አልሠራለትም፤ እንዲህ ያለ ነገርም አልተጠየቀም። የተጠየቀው በየሳምንቱ በቀኑ እንዲመጣ፥ ሚዛኑን እንዳያጎድልና የተስማማበትን ብር እንዲከፍል ነበር። የዛሬው ኩባንያ ከእርሱ እጅግ የበለጠ ሀብትና ዕውቀት ስላለው ዕዳውም ይበልጣል። ይሁንና መሠረቱ ያው ነው፤ እውነተኛ ዋጋ፥ የማይሰረቅ ስም፥ የማይታጠፍ ውል። ስጦታ በእነዚህ ላይ ቢጨመር መልካም ነው፤ በእነዚህ ፈንታ ቢሰጥ ግን፥ በሐሙስ ገበያ ሚዛኑን አጉድሎ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንደሚሰጥ ሰው ያለ ነው።